ስድስቱን ሰርቨር ወደ አንድ፤ ለአንድ የካዛንቺስ ቢሮ የቀረበ የወጪ ቅነሳ ሒሳብ ሲመረመር

ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት አለ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ክረምት አንድ የዋጋ ማቅረቢያ እንድናነብላቸው ሰጡን። ማቅረቢያው አራት ገጽ ነው። ሻጩ በድርጅቱ ያሉትን ስድስት ሰርቨሮች ቨርቹዋላይዜሽን በሚባለው ዘዴ ወደ አንድ ሰርቨር ለመጠቅለል፥ የሃያ ሁለቱን ሠራተኞች የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮችም ወደዚያው አስገብቶ በየጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ሳጥኖችን ብቻ ለመተው አሳብ ያቀርባል። በመጨረሻውም ገጽ ላይ ድርጅቱ በሦስት ዓመት ውስጥ የኮምፒዩተር ወጪውን በግማሽ እንደሚቀንስ ያረጋግጣል። ሥራ አስኪያጁ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልፈርም ወይስ አልፈርም?» አሉን። የድርጅቱንም የሻጩንም ስም እንዳናነሣ ስላሳሰቡን አናነሣም። ነገር ግን ይህን የመሰለ ወረቀት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባሉ ሌሎች ቢሮዎችም ጠረጴዛ ላይ አይተናልና ሒሳቡን በዚህ መጽሔት መመርመር ለጓደኞቻችን ይጠቅማል ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ በሕግና በታሪክ ክፍል ላሉት ጓደኞቻችን ስንል በአጭሩ እንግለጽ። እንደ ልማዱ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚያድረው አንድ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ መሣሪያው በሙሉ የእርሱ ይሆናል። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም ግን በመሣሪያውና በሥርዓቱ መካከል ገብቶ ፕሮሰሰሩን፥ ሜሞሪውንና ዲስኩን ለብዙ ሥርዓቶች ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱም ተከራይ ግቢው የብቻው ይመስለዋል። የአንዱ ፕሮግራም ቢበላሽ ጎረቤቱ ሥራውን አያቋርጥም። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ምናባዊ ሰርቨር ዞሮ ዞሮ በዲስክ ላይ የተጻፈ ፋይል ስለ ሆነ፥ ተገልብጦ ወደ ሌላ መሣሪያ ሊዛወርና እዚያ ሊነሣ ይችላል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከሚባለው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፤ «የኢንቺስ ቤቶች» ማለት ነው። አንድ አከራይ ብዙ ተከራይ ማኖሩ እንግዲህ ለሰፈሩ አዲስ ነገር አይደለም።

አሳቡ የተወለደውም ከጥጋብ ሳይሆን ከችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ የነበሩ የአይ ቢ ኤም ባለሙያዎች ሲፒ-40 የተባለውን ሥርዓት የሠሩት ኮምፒዩተር እጅግ ውድ፥ ተጠቃሚውም ብዙ በነበረበት ጊዜ ነው፤ በ1972 ቪኤም/370 ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች እየረከሱ ሲሄዱ ነገሩ ተዘንግቶ ቆየ፤ በ1998 የተቋቋመው ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በተራው ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና አነሣው። በ2003 ዜን፥ በ2007 ደግሞ በሊኑክስ እምብርት ውስጥ የገባው ኬቪኤም ያለ ዋጋ የሚገኙ ሆኑ። ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያ ውድ፥ ተጠቃሚ ብዙ የሆነበት ሁኔታ የዛሬዪቱ አዲስ አበባ ሁኔታ ነውና፥ እኛ ዘዴውን የምንነቅፍ ሰዎች አይደለንም። የምንነቅፈው ሒሳቡን ነው።

ማቅረቢያው ትክክል የተናገረውን እናስቀድም። ስድስቱ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ናቸው ይላል፤ እውነት ነው። በባለሙያዎች ዘንድ እንደሚነገረው አንድ ሥራ ብቻ የተሰጠው ሰርቨር ከአቅሙ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ይጠቀማል። በዚህ ቢሮ አንዱ ሰርቨር ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ይይዛል፤ ሁለተኛው የጋራ ፋይሎችን፤ ሦስተኛው የሠራተኞችን የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ፤ አራተኛው የመጋዘኑን መዝገብ፤ አምስተኛው የኢሜይሉን ሥራ፤ ስድስተኛው ምን እንደሚሠራ ማንም በእርግጥ ሊነግረን አልቻለም፤ «አትንኩት» ብቻ አሉን። ይህ የመጣው ከሞኝነት አይደለም። የጣት አሻራውን የሸጠ ነጋዴ የራሱን ኮምፒዩተር ይዞ ይመጣል፤ የሒሳብ ፕሮግራሙን የጫነውም የሌላውን ሥራ ከእርሱ ጋር እንዳይቀላቅሉበት ያስጠነቅቃል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዳይነካ ሁሉም ለየብቻ ይቀመጣል። ሃይፐርቫይዘር የሚያፈርሰው ይህን ምክንያት ነው፤ ለየብቻ መሆናቸውን ሳያስቀር አንድ ቤት ያስገባቸዋልና። በተለይም ፒችትሪ በቆየ ዊንዶውስ ላይ ተጭኖ ዓመታት ላሳለፈ ቢሮ፥ አሮጌው መሣሪያ ከመሞቱ በፊት ሥርዓቱን እንዳለ አንሥቶ በአዲስ መሣሪያ ላይ ማኖር መቻሉ ከወጪ ቅነሳው ይልቅ የሚያስመሰግነው ይመስለናል። ሻጩ ይህን ጥቅም አንድ ቃል እንኳ አላነሣውም።

ያነሣው ምንድን ነው? በመጀመሪያ መብራት። የሁለተኛው ገጽ እኩሌታ ስለ ኤሌክትሪክ ነው፤ የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ግን በዶላር ሳንቲም ተጽፏል፤ ከውጭ አገር የተቀዳ መሆኑ ግልጽ ነው። እኛ እንደ ገና አሰላነው። ስድስቱ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 300 ዋት ይበላሉ ብንል ድምሩ 1,800 ዋት ነው፤ አዲሱ 500 ዋት ቢበላ 1,300 ዋት ይተርፋል፤ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ለአንድ ዓመት ሲባዛ 11,388 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን የአገራችን የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሄድም ከአውሮፓው ጋር ሲመዛዘን ዛሬም ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ትልቁ ቁጠባ ያለው መስመር በእኛ ቤት ከትንሾቹ አንዱ ይሆናል። ስለ ማቀዝቀዣ የተጻፈውም እንዲሁ ነው። የዚህ ቢሮ ሰርቨር ክፍል ቀድሞ ሻይ ማፍያ የነበረች ጠባብ ክፍል ስትሆን፥ ማቀዝቀዣዋ መስኮቷ ነው! (ስለ ከተማችን አየር ግን አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ስለ ሆነ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ኀይሉ ያንሳል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከፍታው ሲጨምር መሣሪያው የሚችለውን የሙቀት ወሰን ዝቅ ያደርጉታል። ስድስት ሰው የሚሠራውን ሥራ የተሸከመ አንድ ሰርቨር ደግሞ እንደ ሥራ ፈቶቹ ቀዝቅዞ አይውልም።)

መብራት በእውነት የሚቆጠረው ሲጠፋ ነው። 1,800 ዋት የሚሸከም ዩፒኤስ ለ500 ዋት ብቻ ቢያገለግል ባትሪው ከሦስት እጥፍ በላይ ጊዜ ይቆያል፤ ጄኔራተሩ እስኪነሣ ድረስ መዝገቡ ሳይቋረጥ ይቆያል፤ ባትሪውም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ይህ በማቅረቢያው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያች ቀን በፊት በባንክ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም መጨረሻ ከ130 በላይ ነበር። እንግዲህ በዓመት 1,000 ዶላር የሚከፈልበት አንድ የሶፍትዌር ፈቃድ፥ ሻጩ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምርበት፥ ከ57,000 ብር ወደ 130,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ማቅረቢያው የሦስቱን ዓመት የፈቃድ ዋጋ ያሰላው በአንድ ምንዛሪ፥ ማቅረቢያው በተጻፈበት ቀን ምንዛሪ ነው። የመብራቱን ዋጋ ከውጭ አገር የቀዳ ሰው የምንዛሪውን ነገር እንደማይለወጥ አድርጎ መቁጠሩ ያስገርማል።

ሻጩ ሳንቲም አይጨምርም ያልነውም ለምሳሌ ነው እንጂ ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። ቪኤምዌርን ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በሚቀጥለው ወር አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘወትር የሚያገለግለው ፈቃድ ሽያጭ ቀረና ሁሉም በየዘመኑ የሚታደስ ኪራይ ሆነ። ኪራዩም በፕሮሰሰሩ እምብርት፥ በተለምዶ ኮር በሚባለው ቁጥር ይቆጠራል፤ አንድ ፕሮሰሰር ያሉት ኮሮች ቢያንሱም ቢያንስ የ16 ኮር ይከፈልበታል። በአውሮፓ ያሉ ታላላቅ ድርጅቶች እንኳ ዋጋው ከብዶናል ብለው ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት ብለዋል። ወደ ካዛንቺሱ ወረቀት እንመለስ፤ ለቢሮው የታጨው ሰርቨር ሁለት ፕሮሰሰሮች ሲኖሩት እያንዳንዱ 8 ኮር አለው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው 16 ኮር ነው፤ ድርጅቱ የሚከፍለው ግን የ32 ነው። ግማሹ ክፍያ ለሌለ ነገር ነው ማለት ነው። ይህን ሥራ አስኪያጁ እንዲያውቁት የሚያደርግ አንድም መስመር በአራቱ ገጽ አላገኘንም።

ሌላም አለ። በአንዱ ሰርቨር ላይ ስድስት ዊንዶውስ እንደሚኖር ማቅረቢያው ራሱ በሥዕል አሳይቷል፤ የቆጠረው የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ፈቃድ ግን አንድ ብቻ ነው። ይህ ፈቃድ የመሣሪያውን ኮሮች በሙሉ ሸፍኖ በላዩ ሁለት ምናባዊ ሰርቨሮች ብቻ እንዲያድሩ ያስችላል። ለስድስት ሦስት ጊዜ መክፈል ያሻል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች በኩልም እንዲሁ፤ ዊንዶውስ በሰርቨር ውስጥ ሆኖ በትንሽ ሳጥን አማካይነት ሲታይ ለዚያ አጠቃቀም የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ሁሉ የሚያውቀውን፥ ነገር ግን በወረቀት የማይጻፈውን ነገር ብንናገር አንባቢያችን ይታገሠን። በከተማችን ብዙ ቢሮዎች ያለው ዊንዶውስ ያልተፈቀደ ቅጂ ነው። ሻጩ «ዛሬ የምታወጡት» በሚለው ዐምድ ውስጥ ለሃያ ሁለት ኮምፒዩተሮች የፈቃድ ዋጋ አስገብቶ «ነገ የምታወጡት» ከሚለው ጋር አመዛዝኗል። ያ ዋጋ ግን ከድርጅቱ ካዝና ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የቁጠባው ትልቅ ክፍል ያልወጣ ገንዘብ ተቆጥቦ የተገኘ ነው። ቅጂው ትክክል ነው ማለታችን አይደለም፤ ፈቃድ ወዳለው ሥራ መግባት ተገቢ ነው። ተገቢ የሆነ አዲስ ወጪ ግን ወጪ ተብሎ ይጻፍ፤ ቁጠባ አይባል።

ታዲያ ፈቃዱ ይህን ያህል ከከበደ ምን ይደረግ? ከላይ የጠቀስነው ኬቪኤም አለ፤ በእርሱም ላይ የተሠራው፥ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከቪየና የሚወጣው ፕሮክስሞክስ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጭነው የሚችል ነው፤ ድጋፍ የፈለገ ብቻ ይከፍላል። የምናባዊዎቹ ሰርቨሮች ዊንዶውስ ፈቃድ በዚህም ቢሆን አይቀርም፤ የሃይፐርቫይዘሩ ኪራይ ግን ይቀራል። ያለ ክፍያ ማለት ያለ ወጪ ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የሚያውቅ ሰው መቅጠር ወይም ያሉትን ማሠልጠን ያስፈልጋል። ያ ወጪ ግን በብር የሚከፈል፥ በደመወዝ መልክ እዚሁ የሚቀር፥ በምንዛሪ ለውጥ ማግሥት እጥፍ የማይሆን ነው። የመከራከሪያችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በውጭ አገር ቨርቹዋላይዜሽን የሚቆጥበው መብራትና የቦታ ኪራይ ሲሆን በካዛንቺስ ሊቆጥብ የሚገባው ዶላር ነው። የመሣሪያውን ቁጥር ቀንሶ በየዓመቱ የሚታደስ የዶላር ኪራይ የሚያመጣ አሠራር በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል።

አንድ መምህራችን ይህን ረቂቅ አይተው ተቃውሞ አቅርበውልናል። «ያን የሚያውቅ ልጅ በዓመቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፤ ሥርዓቱ ያለ ወላጅ ይቀራል፤ ኩባንያው ግን ቢያስከፍልም ስልክ ያነሣል» አሉ። ብርቱ ተቃውሞ ነው፤ በዘመዶቻችን ቢሮም ሲሆን አይተነዋል። የምንመልሰው ግን ሠራተኛው ቪኤምዌርንም የሚያውቅ ቢሆን መሄዱ አይቀርም፤ የርቀቱም ስልክ በሻይ ማፍያዋ ውስጥ የተቃጠለውን ዲስክ አይቀይርም። ሁለት ሰው ማሠልጠን፥ የይለፍ ቃሉንና የአሠራሩን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ በካዝና ማስቀመጥ በሁለቱም መንገድ ግዴታ ነው።

እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያገባ ገበሬ ጎተራው ሲነቅዝ የሚሆነው ለዚህም ይሠራል። ስድስት ሰርቨር እያለ የአንዱ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል አምስቱ ይሠራሉ። አንድ ብቻ ሲቀር ግን ሒሳቡም፥ መጋዘኑም፥ ኢሜይሉም በአንድ ደቂቃ ይቆማሉ፤ መለዋወጫው አዲስ አበባ ውስጥ ካልተገኘ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የሚገባው አንድ ሳይሆን ሁለት ሰርቨር ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሁሉን የሚሸከም። ከሁለቱም የተለየ የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫም ያስፈልጋል። ማቅረቢያው «ስናፕሾት» ስላለ መጠባበቂያ አያሻም ይላል፤ ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። ስናፕሾቱ የሚኖረው በዚያው ዲስክ ላይ ነውና ዲስኩ ሲሞት አብሮት ይሞታል። እንግዲህ ስድስት ወደ አንድ የተባለው በሐቅ ሲቆጠር ስድስት ወደ ሦስት ነው።

ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተሮቹ አሳባችን ከዚህ የጠነከረ ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒዩተር ለስድስት ተማሪ የሚያካፍል መሣሪያ ነበር፤ ስድስት ስክሪን፥ ስድስት ኪቦርድ፥ አንድ ሳጥን። ትምህርት ቤቱ ስድስት ኮምፒዩተር መግዛት ስለማይችል ለእኛ በረከት ነበር፤ ዛሬ በዚህ ኮሌጅ ያለነው በእርሱ ተምረን ነው። ነገር ግን ሳጥኑ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ሥር ስለ ነበረ፥ እዚያ የሚቀመጠው ረጅም ጓደኛችን እግሩን በዘረጋ ቁጥር ሶኬቱ ይነቀልና የስድስታችንም መልመጃ ይጠፋ ነበር። ለተማሪ ያ ሣቅ ነው። የጉምሩክ ሰነድ በሰዓቱ ማድረስ ላለበት ሠራተኛ ግን ሣቅ አይሆንም።

የዘዴው መልካም ጎን አይካድም። በሰርቨሩ ላይ አንድ ናሙና ዊንዶውስ ተዘጋጅቶ ሁሉም ከእርሱ ይቀዳል፤ በፍላሽ የገባ ቫይረስ ቢያበላሸው ናሙናውን መልሶ ማንሣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፓወር ግዕዝም አንድ ጊዜ ከተጫነ በሁሉም ጠረጴዛ አንድ ዐይነት ነው፤ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ መውጣቱ ይቀራል። በየቢሮው ጸሓፊዎች ስንት ጊዜ እንደሚያለቅሱበት ያየ ሰው ይህን አይንቅም። ቢሆንም ሃያ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ዛሬ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም ተከፍሏል። የሚሠራ ኮምፒዩተር ጥሎ ትንሽ ሳጥን በዶላር ማስመጣት፥ እነርሱን የሚሸከም ትልቅ ሰርቨር መግዛት፥ የአጠቃቀም ፈቃድ በየዓመቱ መክፈል ቁጠባ የሚባልበት መንገድ አልታየንም። ያረጁት ሲሞቱ በየተራ ቢታሰብበት ይሻላል።

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በካዛንቺስ የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ተጀምሮ ብዙ ነዋሪና ነጋዴ ከሰፈሩ ሲነሣ፥ አብረው ከተነሡት መካከል አንድ የምናውቀው ትራንዚተር ነበር። ሁለት ሰርቨሮቹን በፕሮክስሞክስ አዘጋጅቶ ነበርና ዓርብ ማታ ሁሉንም ወደ አንድ ውጫዊ ዲስክ ገለበጠ፤ ዲስኩን በቦርሳው ይዞ በታክሲ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደ ተከራየው ክፍል ሄደ። ዕቃዎቹ በጭነት መኪና ላይ ገና ሳይወርዱ በተዋሰው አንድ ኮምፒዩተር ላይ መዝገቡን አንሥቶ ሥራ ጀመረ። በዚያው ፎቅ የነበረ ጎረቤቱ አምስት ሰርቨር አስጭኖ ሁለቱ በመንገድ ተንገላተው ዲስካቸው ሞተ። ይህን መሰል ጥቅም በየትኛው የማቅረቢያ ዐምድ ውስጥ እንደሚጻፍ አናውቅም፤ ዋጋውን ግን ሁለቱም ሰዎች ያውቁታል።

ለሥራ አስኪያጁ የጻፍንላቸው መልስ አንድ ገጽ ነበር፤ ይህን አይፈርሙ፥ ጠረጴዛዎቹን ይተዉ፥ ሁለት መጠነኛ ሰርቨር ይግዙ፥ ካሉት ከስድስቱ የተሻለውን ለመጠባበቂያ ያስቀሩ፥ ዊንዶውሱን በትክክል ቆጥረው ይክፈሉ አልናቸው። የመጀመሪያው ሥራ ባለፈው ጥቅምት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ፤ ከድርጅቱ ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች ጋር ሆነን ፒችትሪን ከአሮጌው መሣሪያ አንሥተን ወደ ምናባዊው አዛወርነው። ሰኞ ጧት የሒሳብ ሹሟ ገብተው እንደ ልማዳቸው ከፈቱና ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ «እናንተ ልጆች፥ ዛሬ ትለውጡታላችሁ ብላችሁ አልነበረም? መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብለው ጠየቁን። ያ «አትንኩት» የተባለው ስድስተኛው ሰርቨር ግን እስከ ዛሬ እየበራ ነው፤ ምን እንደሚሠራ ገና እየፈለግን ነው።